የገንዳው ቅጽ

ከብቸና ወጥቼ፣ የሐምሌን ጭቃ ረግጬ፣
ሜትር በኪሴ ከትቼ፣ ክላሰሬን ጨብጬ፣
ዋሻሚት ማርያም ደረስኩ፤ ቄሰ ገበዝ እንየው
«ለገንዳው ነው?» አሉና፣ በመቋሚያቸው ጫፍ፣ «ይኸው!»

ከቤተልሔሙ ጓሮ፣ ከማገዶው ክምር ጎን፣
ጥቁር ድንጋይ ተጎልቷል፣ ዝናብ ሞልቶት ሆዱን፤
የወይራ ቅጠል ተንሳፎ፣ ጉንዳን ተሳፍራበት፣
ከንፈሩ ላይ ስንጥቅ አለ፣ ጣት የሚያስገባ ስፋት።

የቅርሱ ስም፦ የክርስትና ገንዳ።
ቁመት፦ ስልሳ ሁለት። ወርድ፦ ዘጠና አንድ።
ዕድሜ፦

«ዕድሜው?» ስል ዝም አሉ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤
«እኛ በዓመት አንቆጥርም፣ በእሳት ነው ሒሳቡ።
ይህች ደብር ሦስት ጊዜ ጋይታለች፤ ይህን ገንዳ ግን ልጄ፣ ልንገርሽ እንደ ሰማሁት፣ እንደ ነገሩኝ በልጅነቴ፣ በደጄ፦
የፊተኛው እሳት እንኳ አርጅቶ ነው ያገኘው።

ጦር መጣ ሲባል ቀበሩት፣ ከእህል ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ
አርባ ዓመት አፈር ጠጣ፤
የቀበሩት ሞቱና፣ ያለበት ጠፋና፣
በሬ ነው ያገኘው፣ ማረሻ ሰብሮ፣ ቆመና።
ቆይቶም የደጃዝማች ጭፍራ ክረምቱን ሰፈረ፣
ፈረሱን አጠጣበት፤ ከንፈሩን ያኔ ሰበረ።
ካህናቱ ሰባት ቀን አጠቡት፣ ጸለዩበት፤
ሽታው ግን አለቀቀም አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ
ሕፃን በጥምቀቱ ሲያለቅስ
‹ፈረሱ ሸተተው› ይላል ያገሬ ሰው።
ዛሬማ ሳፋ አለ፣ ሰማያዊ፣ ቀላል፣
ከገበያ የመጣ፤ ማን ድንጋይ ይሸከማል?»

ሠሪ፦

«የሠራውስ ማነው?» ብል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣
ዙሪያቸውን ቃኝተው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ፤
«ጠይብ ነው። እሱን አትጻፊው። ቀን ድንጋይ ይጠርባል፣
ሌት ጅብ ይሆናል ይባላል።

ገንዳው ባለቀ ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች ሚስቱ፤
ሰማንያ ቀን ቆጥሮ ይዟት መጣ በጠዋቱ።
ውሃው ተባረከና ቄሱ ጠየቁ፣ ‹ማን ያንሳ?›
ከዚያ ሁሉ ምእመን አንድ እጅ እንኳ አልተነሳ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ኋላ ግን፣ ከደጀ ሰላም፣
አንዲት ዓይነ ስውር ለማኝ፦
‹ለኔ ስጡኝ› አለች፣ ‹የማን እንደሆነች አላይም፤
ርጥብ ናት፣ ይበርዳታል፤ ሌላውን አላውቅም።›»

ብዕሬን ከፈትኩ። መልሼ ከደንኩ።
አያቴ ሸክላ ትሠራ ነበር፤ ለሳቸው አልነገርኩ።
ገበያ ዳር፣ ከሰው ርቃ፣ እንስራዋን ደርድራ፣
ዓይኗን ሰብራ ትሸጥ ነበር፣ ሰው ዓይኗን እንዳይፈራ።
እኔንም ክርስትና ያነሳችኝ መንገደኛ ናት፣
ስሟን ማን እንደሆነ እናቴም አልጠየቀቻት።

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ከውሃው ነከርኩ፤
«ምን ወደቀብሽ?» አሉኝ።
«ጥልቀቱን ልለካ» አልኩ።
ከሥሩ፣ ዓይን ከማይደርስበት፣ አንድ ጎድጓዳ አገኘሁ፤
መሮው እዚያ ሲደርስ ሳስቷል፤ በጣቴ ዳበስኩ፣ ለየሁ፦
የክንድ ቅርጽ ነው። ልስልስ ያለ፣ እንደ ታጠበ እርሾ ድስት፤
ሕፃን ያቀፈው ክንድ እንዳይቆረቁረው ይሆናል፣
ወይም ደግሞ ያ ሰውዬ፣ በዚያ በጥርቡ ሰሞን፣
ልጁን የሚቀበላትን የአንድ ሰው ክንድ አስቦ
ቦታ ትቶለት ይሆናል።

የኔን አጋደምኩት፤ ልክክ አለ።
ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ቅጠሏ ዞራ ዞራ
ክርኔ ላይ መጥታ ቆመች፣ ጉንዳኗም ከነነፍሷ።

ቄሰ ገበዝ ደወል ሊደውሉ ሄዱ።
ዝናቡ ሊጀምር ነው። ወረቀቱን በጋቢዬ ሸፍኜ
የቀረውን ሞላሁት፦

ዕድሜ፦ ከፊተኛው እሳት በፊት።
ሠሪ፦ ጠይብ።
ሁኔታ፦ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።
ምርመራ፦ ውሃ ይይዛል።